ሁለት ጥርስ ትርፍ

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን መንገድ ሆኗል፤ በትክክል ለመናገር፣ የእኛ ጓዳ የዋለው የብስክሌቱ መስመር ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ቤቱ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደረድርበት፣ ጠዋት ጠዋት ከስድስት አባወራ ጋር ለአንድ ሽንት ቤት የምንሰለፍበት የቀበሌ ቤት ነበር፤ እኔን የሚገርመኝ መፍረሱ ሳይሆን ያን ያህል ዘመን ቆሞ መክረሙ ነው። ከመስመሩ ዳር አንድ ወጣት ሳይክሉን ገልብጦ፣ የጎማውን ኩሽኔታ ጣሳ ውስጥ ባለ ናፍጣ እያጠበ ግራሶ ይቀባል። ሽታው ደረሰኝና ቆምኩ። ብዙ ቆሜ መሆን አለበት፣ ልጁ ቀና ብሎ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም ብዬው ሄድኩ።

ናፍጣና ግራሶ ሲቀላቀሉ ለሌላው ሰው የጋራዥ ሽታ ነው። ለእኔ የስድስተኛ ክፍል ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ያን ዓመት አባዬ ቤት ይውል ነበር። ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ለገሃር፣ የባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ቶርኖ ላይ ሠርቷል። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥና የሚበሳ ማሽን ነው፤ አባዬ ግን ስለ ማሽኑ ሲያወራ አመለኛ ስለሆነ የሥራ ባልደረባው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ባቡሩ ቆመ። እኔ ባቡሩ የሆነ ቦታ፣ አዋሽ አካባቢ፣ ሐዲዱ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። ስለዚህም አባዬ ሥራ ማጣቱን ሳይሆን፣ ባቡሩ እስኪነሳ እረፍት ላይ መሆኑን ለጓደኞቼ እነግራቸው ነበር። እማዬ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሸኛታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይመለስና የሚጠገን ነገር ይፈልጋል።

ያልጠገነው ነገር አልነበረም። የአልጋችን እግር፣ የግቢው በር፣ የጎረቤት ቡታጋዝ፣ የማንም ወንበር። እሱ የነካው ነገር ሁሉ አንድ ምልክት ነበረው፤ ብሎኑ ከዳዶው አልፎ ሁለት ጥርስ ብቅ ይላል። የባቡር ቤት ሕግ ነው ይል ነበር። ብሎኑ ከዳዶው እኩል ካለቀ በደንብ መያዝ አለመያዙ አይታወቅም፤ ሁለት ጥርስ ትርፍ ከታየ ግን ዳዶው ሙሉ በሙሉ ነክሷል ማለት ነው፣ ፈታሹም አይቶ ይፈርማል። እቤታችን ውስጥ የሚፈርም ፈታሽ አልነበረም። ብሎን ግን ከየቦታው አፍጥጦ ነበር፤ እማዬ ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ተቀዶባታል፣ እኔም ግራ ጉልበቴ ላይ እስካሁን ጠባሳ አለኝ። እማዬ ስትበሽቅ ባቡር ላይ አይደለም ያለነው ትለው ነበር። አባዬ በሌላው ነገር ሁሉ ተጫዋች ሰው ነው፣ በዚህ ግን ቀልድ አያውቅም።

ቲቸር ሙሉጌታ የሳይንስ አስተማሪያችን ነበር። ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውሮ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋውኑ በሁለት ቁጥር የሚሰፋው። የሚኖረው ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ሲሆን ጠዋት ጠዋት ከዚያ ድረስ በአሮጌ ሳይክል ይመጣል። ክፍል ሲገባ በአንድ እጁ የጠመኔ ካርቶን፣ በሌላው የሳይክሉን የፊት ጎማ ይይዛል። ጎማውን ሰሌዳው ሥር ያስደግፍና ማስተማር ይጀምራል።

እኛ ጎማው የትምህርት መርጃ መሣሪያ መስሎን ነበር። ስለ ወባ ትንኝ ሲያስተምር ጎማው አለ፣ ስለ አፈር ሲያስተምርም ጎማው አለ። አንድ ቀን ተራው እንደሚደርስ እርግጠኞች ነበርን። ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ለፈተና ይመጣል ብሎ ደብተሩ ላይ ሥሎት፣ የሽቦዎቹንም ብዛት ቆጥሮ ጽፎ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳይክሉ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው የፊት ጎማውን ፈትቶ ወሰደበት። ቲቸር ሌላ አሮጌ ጎማ ፈልጎ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይክሉን ከበሩ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ያስርና ጎማውን ነቅሎ ይዞት ይገባል።

ችግሩ መንቀሉ ላይ ነበር። ግራና ቀኝ ሁለት ዳዶ አለ፣ ሁለቱም ዝገዋል። መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ተንበርክኮ ሲታገል ደወሉ ይደወላል። እኛ ተሰልፈን ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል እሱ በሩ ጋ በጉልበቱ ነው። ክፍል ሲደርስ እጁ በግራሶ ጠቁሯል፣ ጠመኔው ይጠቁራል፣ ጋውኑ ላይ አምስቱም ጣቱ ታትሟል። ዳይሬክተሩ ስለ ማርፈዱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቆታል ተብሎ ይወራ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ ወላጅ አምጡ ተባልን። እማዬ ቢሮ ስለነበረች አባዬ መጣ። ስለ እኔ ምን እንደተነገረው አላስታውስም። የማስታውሰው ስንወጣ ቲቸር ሙሉጌታን በሩ ላይ ተንበርክኮ ጎማውን መልሶ ሲገጥም ማግኘታችንን ነው። አባዬ ሰው ከብረት ጋር ሲታገል አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። መፍቻውን ተቀብሎ ሁለቱን ዳዶ አጠበቀና፣ ይህ ነገር ያለ መፍቻ፣ በባዶ እጅ ሊፈታ እንደሚችል ነገረው። ድሮ ለውድድር ናዝሬት የሚወርዱ ብስክሌተኞች ሳይክላቸውን ባቡር ላይ ሲጭኑ አይቷል። የእነሱ ጎማ የሚሽከረከርበት ፔርኖ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው፤ በውስጡ ሌላ ቀጭን ዘንግ ያልፋል፣ ዘንጉ ጫፉ ላይ እጀታ አለው። እጀታውን ሲያጥፉት ጎማው የሚገባበትን የሳይክሉን ሹካ ከሁለቱም ወገን ጨምቆ ይይዛል፣ ሲዘረጉት ይለቃል።

«በአንድ እጅ ነው መምህር፤ በሌላው ሻይዎን ይዘው» አለው።

ቲቸር ሙሉጌታ እንዲህ ያለው ጎማ የት እንደሚገዛ ጠየቀ። አባዬ አይገዛም፣ እሠራዋለሁ አለ። ይህን ሲል ያየሁበትን ፊት ባቡሩ ከቆመ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

አባዬ ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው ጋሽ ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ያረጀ ቶርኖ አለ፤ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ አባዬ እንዲጠቀምበት ጋሽ ከድር ፈቀደለት። ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬ ነበርኩ። ሥራ በስምህ መምጣት ከጀመረ ያቺን ጥግ እለቅልሃለሁ፣ የራስህን ብረት መያዣ ሞርሳ ትተክላለህ አለው ጋሽ ከድር። ጥጉ ላይ የነተቡ ጎማዎችና አንድ የተሰበረ ወንበር ተከምረው ነበር። አባዬ እሺ አለ፤ ከመውጣታችን በፊት ግን ጥጉን ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ለካው።

እጀታ ያለውን ቀጭን ዘንግ መርካቶ ካሉ አሮጌ ዕቃዎች መሐል አገኘ። ክፍት ፔርኖ ግን ለቲቸር ጎማ ልክ የሚሆን አልተገኘም። ስለዚህ ሦስት አሮጌ ድፍን ፔርኖዎች አሰባስቦ መሐላቸውን ሊበሳ ወሰነ። ፔርኖው የእስኪሪብቶ ርዝመት ያለው፣ ከትንሿ ጣቴ ትንሽ ወፈር የሚል ብረት ነው። መብሻው ያን ያህል ስለማይረዝም ግማሹን ከአንዱ ወገን፣ ግማሹን ከሌላው ወገን በስቶ መሐል ላይ ማገናኘት ነበረበት። የመጀመሪያው አልተገናኘም። ሁለተኛውም አልተገናኘም፤ ጭራሽ በጎን በኩል ወጣ። አባዬ ብረቱ ላይ ዘይት እያፈሰሰ፣ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሦስተኛውን ጀመረ። ሠራተኛው ከምሳ ተመልሶ ከጀርባው ቆሞ ነበር። አባዬ ሲያበቃ ፔርኖውን አፉ ላይ አድርጎ ነፋና ለእኔ ሰጠኝ። በቀዳዳው አሾልቄ ሳይ የጋሽ ከድር ጆሮ ታየኝ።

የእኔ ሥራ ኩሽኔታ ማጠብ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ትንንሾቹን የብረት ፍሬዎች በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ በየወገኑ አሥር አሥር ቆጥሬ ግራሶው ውስጥ እደረድራለሁ። አንዷ ፍሬ ጠፍታ ሰፈሩን ሁሉ አስሰን በመጨረሻ ጸጉሬ ውስጥ አገኘናት። አባዬ በበኩሉ የፔርኖውን ርዝመት ያስተካክል ነበር። ከእንግዲህ ዳዶ ስለማይገባበት ጫፎቹ ማጠር አለባቸው። ቆረጣቸው፤ ሹካው ላይ አስቀምጦ አየ፤ እንደገና ሞረዳቸው። ሲጨርስ ከሹካው ውጪ በግራ ሁለት ጥርስ፣ በቀኝ ሁለት ጥርስ ብቅ ብሎ ነበር። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ እቤታችን ያለ ብሎን ሁሉ እንደዚያው ነበር።

ጎማው የተገጠመ ዕለት ቲቸር ሙሉጌታ ሰንደቅ ዓላማ ከእኛ ጋር ሰቀለ። እጁ ንጹሕ ነበር። ክፍል ገብቶ ጎማውን እንደወትሮው ሰሌዳው ሥር ሳያስደግፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ስለ ቀላል ማሽኖች፣ ስለ መፈንቅል አስተማረን። ደብተሩ ላይ ጎማ የሣለው ልጅ ያን ቀን አይቻልም ነበር። ቲቸር እጀታውን እያጠፈና እየዘረጋ አሳየን፤ የሠሩት የትዕግስት አባት ናቸው ብሎ ስሜን ጠራ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ሲወጣ ጎማውን መልሶ ሹካው ላይ የማስገባቱን፣ እጀታውንም የማጠፉን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሹመት ከዚያ ወዲህም አላገኘሁም።

ወሬው ቶሎ ተዳረሰ። የሒሳብ አስተማሪው ጎማውን ላከ። የዘበኛው ወንድም ልጅ ላከ። ስታዲየም አካባቢ የሚለማመዱ ሁለት ወጣት ብስክሌተኞች ራሳቸው ጋራዡ ድረስ ይዘው መጡ። አራት ጎማ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ጋሽ ከድርም የነተቡትን ጎማዎችና የተሰበረውን ወንበር አስወጣ። አባዬ የቤት ሞርሳውን ተሸክሞ ወስዶ ጥጉ ላይ አሰረው። ጠዋት ጠዋት ከእማዬ ጋር አብሮ መውጣት ጀመረ፤ እሷ በዚህ ደስ ስላላት ስለ ቀሚሶቿ ማንሳት ተወች። አንድ ቀን ቲቸር ሙሉጌታ ሳይክሉ ከፊት በኩል ትንሽ እንደሚንኳኳ ለአባዬ እንድነግረው ላከኝ። አባዬ አዲስ ነገር እስኪለምድ ነው በይው አለ፣ እኔም እንደዚያው አልኩ።

ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጃፉ ያቃጥላል። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጭሱ ከመወፈሩ የተነሳ የፊቴን ሰው አላይም። ተሰልፈን ሳለን ዘበኛው እየሮጠ ገባ። ቲቸር ሙሉጌታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲቃረብ መሐል መንገድ ላይ የሚነድ የቆሻሻ ክምር ገጠመው። ወደ እግረኛ መንገዱ ሊወጣ የሳይክሉን ፊት በመሪው ብድግ አደረገ። ሳይክሉ ወጣ፣ ጎማው ከታች ቀረ። ባዶው ሹካ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተተከለና ቲቸር በላዩ ላይ አልፎ ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ተሰበረ።

በእረፍት ሰዓት ሁሉም ምክንያት ነበረው። ጭሱ ነው ተባለ። ዓይን ነው ተባለ፤ የሒሳብ አስተማሪውም ተሰብስበን እጀታውን ስናደንቅ የነበርነውን ልጆች እንደ ጥፋተኛ አንድ በአንድ አየን። ዘበኛው ደግሞ የባቡር ሰውዬው ሥራ ነው፣ ሳይክል ባቡር አይደለም አለ። እኔ ግን ትክክለኛውን ምክንያት አውቅ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ጎማውን ስገጥም እጀታውን ከማጠፌ በፊት እንደ ዳዶ ዙሪያውን አዙሬው ነበር። መጀመሪያ ላጠብቀው ብዬ አዞርኩት፣ በጣም ሲጠብቅ ደግሞ መልሼ አላላሁት። ስንት ጊዜ አዙሬ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አልቆጠርኩም። ክንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ትምህርት ቤት ሄዶ ሳይክሉን ተሸክሞ ቤት አመጣው። በረንዳው ላይ አቆመው፣ ጎማውን ገጠመ፣ እጀታውን አጥፎ በመዳፉ ደገፍ አደረገው። ከዚያ መሪውን ይዞ ፊቱን ብድግ አደረገ። ጎማው መሬት ላይ ቀረ። እንደገና ገጠመው፣ እንደገና ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረው። እኔ በሩ ውስጥ ቆሜ አይ ነበር፤ እሱ እንኳ ሊያስተካክለው እስካይችል ድረስ እንዳበላሸሁት ገባኝ። አባዬ ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር የፔርኖውን ጫፍ ነካካው። ካሊፐሩን አምጥቶ ለካ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የግቢውን በር እያየ ዝም አለ።

ዝምታው ከጥፊ ባሰብኝ። ወጣሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ማዞሬን፣ መመለሴን፣ አለመቁጠሬን። ሳላለቅስ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ ግማሽ ላይ አለቀስኩ። አባዬ ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመታኝም።

«እሑድ መምህርን ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ።

እማዬ ከሥራ ስትመለስ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሷ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ትላለች አላት። እማዬ ተቆጣችኝ፣ ቁጣዋ ግን አልበረታም፤ እንደውም ትንፋሿ ሲመለስላት ያየሁ መሰለኝ። ጋሽ ከድርም ነገሩን ሰምቶ ልጅ ናት፣ ምን ይደረጋል ማለቱን እሷው ነገረችኝ። አራቱ ጎማዎች ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ቆዩ። አባዬ በእነዚያ ቀናት ወደ ጋራዡ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ እራት ላይ ዓይኔን አያይም። ተቀይሞኛል ብዬ ደምድሜ ነበር።

እሑድ እማዬ ለሕመምተኛው ብርቱካን በፌስታል ሰጠችን። አባዬ በእግር እንሂድ አለ። ርቀቱን ስለማውቅ የቅጣቴ አካል መሰለኝ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በልቤ እደጋግም ነበር። ስታዲየም ጋ ስንደርስ ቆመ። ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ እኔ ዞረ። «ደከመሽ?» አለኝ። አልደከመኝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ መራመድ ጀመረ።

ለገሃር የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ደግሞ ቆመ። በሩ ዝግ ነበር። አጥሩ ሥር ካልሲ የሚሸጥ ልጅ ሸራውን ዘርግቷል። አባዬ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩትና የምናገረውን በቃሌ እንደያዝኩት ነገርኩት። ካላመንከኝ ልበልልህ አልኩና አንድ ሳላስቀር አነበነብኩለት። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እግዚአብሔር ይማርዎ የሚል ነበር። አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጥሩ ነው ብሎ ፌስታሉን አነሳ።

ቲቸር ሙሉጌታ የሚኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክንዱ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአልጋው ሌላ መቀመጫ አንድ ብቻ ስለነበረ አባዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ እኔ ቆምኩ። ብርቱካኑን ተቀብሎ ለምን ተቸገራችሁ አለ። አባዬ አየኝ፤ እኔም ያጠናሁትን ተናገርኩ። ለገሃር ላይ እንዳልኩት አልወጣልኝም፣ ቅደም ተከተሉ ተምታታብኝ፣ ግን ጨረስኩት።

ቲቸር አልተቆጣም። እንደ ሳይንስ ጥያቄ ነው የያዘው።

«ቆይ፣ የገጠምሽው ሰኞ ከሰዓት ነው አይደል?»

«አዎ ቲቸር።»

«እኔ ቤት ስገባ እኮ እንደገና አወልቀዋለሁ። ማለቴ፣ እዚህም ግቢ ይሰረቃል። ጎማው እዚህ አልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው። ማክሰኞ ጠዋት የገጠምኩት ራሴ ነኝ ትዕግስት።»

ክንዱን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም ማለት ነው። ከዚያ በላይ አልሰማሁም ማለት እችል ነበር፤ ቲቸር ግን ቀጠለ። እጀታውን ማጠፉን ያስታውሳል፤ ከወደቀ በኋላም እጀታው እንደታጠፈ ነበር፣ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ አይቶታል። እና ምን ሊሆን እንደሚችል አልገባውም። ወደ አባዬ ዞረና ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ ምናልባት እኔ በደንብ አላጠበቅኩት ይሆናል ጋሽ ደምሴ፣ ጭሱም ነበር፣ በቃ ያለፈ ነገር ነው አለ።

አባዬ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሐል አድርጎ የሲሚንቶውን ወለል ያያል። አሁን ሳስበው ሁለተኛ የማምለጫ በር ነበር የተከፈተለት፤ እኔ ከፍቼለት ተዘጋ፣ ቲቸር ደግሞ ከፈተለት። እሺ ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር።

«አጥብቀውታል መምህር» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፔርኖው ረዝሟል። ከሹካው ማጠር ሲገባው ሁለት ሁለት ጥርስ አስተርፌበታለሁ። እጀታው የጨመቀው የፔርኖውን ጫፍ ነው፣ ሹካውን አልነካውም። ሲነዱት ክብደትዎ ነው የያዘው። ብድግ ሲያደርጉት የሚይዘው ነገር የለም።»

ቲቸር ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ለምን እንዳስተረፈው ብቻ ጠየቀ።

«ባቡር ላይ ሁለት ጥርስ ነው ሕጉ» አለ አባዬ። «እጄ ለምዶ ነው። አላሰብኩትም።»

ከዚያ ሌሎቹ አራቱ ጎማዎች ገና እንዳልተነኩ፣ ለባለቤቶቹም ለጋሽ ከድርም ነገ ሄዶ እንደሚነግራቸው ተናገረ። ቲቸር ሙሉጌታ ጀሶውን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። አይቀየሙኝና የእኔን አስቀድመው ያሳጥሩልኝ፣ ክንዴ እስኪድን መድረሱ አይቀርም አለው። አባዬ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። በማግስቱ እንዳለው አደረገ። የሒሳብ አስተማሪውና የዘበኛው ወንድም ልጅ ጎማቸውን ወሰዱ፣ ሁለቱ ብስክሌተኞች ተዉለት። ጋሽ ከድር ሞርሳውን ንቀል አላለውም፤ ጥጉ ውስጥ ግን የነተቡት ጎማዎች ግማሾቹ ተመለሱ።

ይህ የሰኞው ነው። እሑድ ግን ገና መመለሻው ነበረን። ከቲቸር ግቢ ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ደረስን።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አልኩት።

«ስለካው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ ስልህ ዝም አልክ?»

አባዬ ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው ቸግሮት ኪሱ ከተተው። ብስክሌተኞቹን አላነሳም፣ ጋሽ ከድርንም አላነሳም፤ ሥራው እንዳይቀርበት ፈርቶ እንደሆነ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከቤት ስንወጣ ስታዲየም ጋ እነግራታለሁ አልኩ» አለ። «ስታዲየም ስንደርስ ለገሃር አልኩ። ለገሃር ስንደርስ ደግሞ በቃልሽ አጥንተሽ አሰማሽኝ።»

ተናደድኩ። ከዚያ በፊት በአባዬ ተናድጄ አላውቅም፤ ፈርቼው፣ አኩርፌው አውቃለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ የሰው ክንድ የሰበርኩ ልጅ ሆኜ ስተኛና ስነሳ፣ እሱ እንዳልሰበርኩ እያወቀ እራት ላይ ዳቦ ሲያቀብለኝ ሰንብቷል። ደግሞም አዘንኩለት፣ ማዘኔም አናደደኝ። አባዬ ሰው የሚፈራ፣ ያውም ገና ጢም ያላወጣ የሳይንስ አስተማሪን የሚፈራ ሰው ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ታክሲ እንያዝ አለኝ። በእግሬ ነው የምሄደው አልኩትና ፊት ፊት ሄድኩ። ከኋላዬ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል። ለገሃርን አለፍን፣ ስታዲየምንም አለፍን፣ ዳገቱን ጀመርን። እስከ ግቢያችን በር ድረስ አልዞርኩም፤ እሱም ሊቀድመኝ አልሞከረም።